ሜታቦሊዝም ምንድን ነው? ማንስ ነው «ተኛ» ያለው?

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አንዴ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴ ለቅሶ ቤት፣ አንዴ ደግሞ የአክስቴ ልጅ በላከችልኝ ቪዲዮ። ሰውዬው ነጭ ጋዋን ለብሷል። «ከ40 ዓመት በኋላ ሜታቦሊዝም ይተኛል» ይላል። ከዚያ መቀስቀሻ ሻይ ይሸጣል፤ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ሌላ ስሙን የማይነግረን ቅጠል። ከሥሩ «እውነት ነው ዶክተር፣ የኔም ተኝቷል» የሚል አስተያየት ተደርድሯል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ቀኔን የማሳልፈው ከ60 በላይ ከሆኑ ሰዎች ጉልበትና ዳሌ ጋር ነው። ስለ ሻዩ ብዙም አልናደድም፣ ዝንጅብል ማንንም አልገደለም። የሚያናድደኝ «ሜታቦሊዝሟ ቀንሶ ነው፣ ትረፍ» ተብላ ሶፋ ላይ የተቀመጠች እናት ከስድስት ወር በኋላ ተደግፋ እኔ ጋ ስትመጣ ነው።

ሜታቦሊዝም ማለት ሰውነት የበላውን ወደ ኃይልና ወደ ሥጋ የሚለውጥበት፣ ያረጀውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት የኬሚካል ሥራ ሁሉ ድምር ነው። አለቀ። እንደ መኪና ማርሽ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ነገር አይደለም። ሰው ግን ቃሉን ሲያነሳ «ካሎሪ የማቃጠል ፍጥነት» ማለቱ ነው። ይሁን፣ በዚያው እንሂድ።

ይህ ፍጥነት በዕድሜ ምን እንደሚሆን ተለክቷል። በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ከ29 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎችን ይዟል፤ ትንሹ የ8 ቀን ሕፃን፣ ትልቁ የ95 ዓመት አዛውንት። ሃይድሮጂኑና ኦክስጅኑ ከተራው ከበድ ያለ ውሃ ጠጥተው፣ ያ ውሃ ከሰውነታቸው የሚወጣበት ፍጥነት በሽንታቸው ተለካ፤ ከዚያ በቀን ምን ያህል ኃይል እንዳወጡ ይሰላል። ውድ ዘዴ ነው፣ ግን በዕለት ኑሮ ውስጥ ያለን ሰው ለመለካት ከዚህ የተሻለ የለንም። ውጤቱስ? የሰውነት መጠን ታስቦ ሲታይ የአንድ ዓመት ሕፃን ከአዋቂ በ50% ገደማ ይበልጣል። ከዚያ እስከ 20 ዓመት ድረስ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከ20 እስከ 60 ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በ40 ምንም የለም። በ50ም ምንም የለም። የወር አበባ መቋረጥ እንኳ አላናወጠውም። ከ60 በኋላ በዓመት 0.7% ገደማ መቀነስ ይጀምራል።

0.7% ስንት ነው? በቀን 1,600 ካሎሪ ለምታወጣ ሴት 11 ካሎሪ ገደማ። አንዲት ትንሽ ጉርሻ።

ይህን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፍኩ። አንዱ መለሰልኝ፦ «ታዲያ እኔ በ45 ዓመቴ ይህን ቦርጭ ያወጣሁት በምንድን ነው?» ወንድሜ፣ እኔ አላውቅህም፤ ግን በ25 ዓመትህ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግርህ ትሄድ ነበር፣ ዛሬ መኪና አለህ፣ ቢሮህ ሊፍት አለው፣ ማታ የምትተኛው ሰዓት አልፎ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ክትፎው ብቻውን አይመጣም። ተኝቶ የተገኘው ሜታቦሊዝምህ አይመስለኝም። (ልክ ነው፣ ይህ ሁሉ አማካይ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። በእውነት የሚቀንስበት በሽታም አለ፤ ታይሮይድ ሲያንስ ሰው ይቀዘቅዛል፣ ይደክማል፣ ድርቀት ይይዘዋል፣ ክብደት ይጨምራል። እሱ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው። በሻይ አይደለም።)

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር ልምጣ፣ ወደ ጡንቻ። እዚህም ሌላ ተረት አለ፤ «ጡንቻ ሥራ፣ ተኝተህ ታቃጥላለህ» የሚለው የጂም ወሬ። አንድ ኪሎ ጡንቻ አርፎ ሲቀመጥ በቀን የሚበላው 13 ካሎሪ ገደማ ነው። በዕረፍት ጊዜ ኃይሉን የሚጨርሱት ጉበት፣ አንጎል፣ ልብና ኩላሊት ናቸው።

ታዲያ ጡንቻ ለምን ያስጨንቀኛል? ሰውነትን እንደ አንድ የገጠር ቤት አስቡት። ጡንቻ የዚያ ቤት ጎተራ ነው። ስንበላ ደም ውስጥ የሚገባው ስኳር እህሉ ነው፤ ትልቁ የሚከማችበት ቦታ ደግሞ ጡንቻ ነው። ኢንሱሊን የጎተራውን በር የሚከፍት ቁልፍ ነው። ጎተራው ካነሰ እህሉ ደጅ ይቀራል፤ ደጅ የቀረ እህል ምን እንደሚጠራ የገጠር ልጅ ያውቃል፣ አይጥ ነው። ደም ውስጥ የቀረ ስኳርም እንዲሁ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ የእግርን ነርቭ ይበላል። እና ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጎተራው የጓሮ በር አለው። ጡንቻ ሲኮማተር ኢንሱሊን ሳይጠራ ስኳሩን በራሱ ያስገባል። ቁልፉ የዛገበት ሰው፣ ማለትም የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት፣ ከምግብ በኋላ ዎክ ሲያደርግ ስኳሩ የሚወርደው በዚህ በር ነው። ይህን ስል ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ሕመም እንክብል የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ከልክ በላይ ሊወርድባቸው ስለሚችል፣ ሳይለኩና ሐኪማቸውን ሳያነጋግሩ አዲስ ነገር አይጀምሩ፤ ከረሜላ ኪሳቸው ይግባ።

ቤቱን ትንሽ ልግፋው። ጎተራውን የሚጠብቁ፣ የሚጠግኑ ሠራተኞች አሉ፤ ሴሎቹ። በ1961 ሄይፍሊክና ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ሴል በላቦራቶሪ ሳህን ላይ 50 ጊዜ ገደማ ተከፋፍሎ እንደሚያቆም አሳዩ። ማቆም እንጂ መሞት አይደለም፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያቆመው ሴል ሥራ ትቶ ከቤት ያልወጣ ሠራተኛ ነው። ደጃፍ ቁጭ ብሎ ይጮኻል፣ ብግነት የሚያመጡ ኬሚካሎች ይረጫል፣ የሚሠሩትንም ያውካል። ዕድሜ ሲገፋ እነዚህ ይበዛሉ። ያ የ2021 ጥናትም ከ60 በኋላ ያገኘው ቅናሽ የጡንቻው መቀነስ ተሰልቶ ከወጣለት በኋላ የቀረ ነው፤ ማለትም ሴሎቹ ራሳቸው ትንሽ ይቀዘቅዛሉ። ለዚህ እጄን እሰጣለሁ።

«ቴሎሜር ያስረዝማል» እያሉ እንክብል የሚሸጡም አሉ። ቴሎሜር የክሮሞሶም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ዘረመል የተጠቀለለበት ክር፣ ጫፍ ነው፣ ሴል በተከፋፈለ ቁጥር ያጥራል፣ የ2009 የሕክምና ኖቤል ሽልማትም የተሰጠው ለዚሁ ዘርፍ ነው። እሺ። ግን የጭናችሁ የጡንቻ ክር የማይከፋፈል ነው! አያቴ ከወንበር መነሳት ያቃታት ቴሎሜሯ አጥሮ አልነበረም። ስለተቀመጠች ነበር።

መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በደንብ እናውቃለን። በ1966 ዳላስ ውስጥ አምስት የ20 ዓመት ጎረምሶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስቱ እንደገና ተለኩ። ልባቸውና ሳንባቸው ለሥራ ያለውን አቅም ይበልጥ የጎዳው የቱ ነው? ሦስቱ ሳምንት፣ ከሠላሳው ዓመት ይልቅ። ስለዚህ «እናቴ ታማለች፣ ከአልጋ አትነሳ» የሚለው ፍቅር፣ ፍቅር መሆኑን ባውቅም፣ ያስፈራኛል። ሆዴን የሚበላኝም እሱ ነው።

መመለሱስ? በ1990 የታተመ የቦስተን ጥናት አለ። አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት አነሱ፤ ዘጠኙ ጨረሱ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 174% ጨመረ። ሁለቱ ከዘራቸውን ጣሉ። እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም፤ የጭን ጡንቻቸው ስፋት የጨመረው 9% ብቻ ነው። የቀረው ከነርቭ ነው፣ አንጎል የተወውን ጡንቻ እንደገና ማዘዝ ሲጀምር። የሚነጻጸር ቡድንም አልነበረውም። ደግሞ አራት ሳምንት ሲያቆሙ ጥንካሬያቸው በ32% ወረደ። ጎተራ ያለ ጥገና አይቆምም።

«እማዬ እኮ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች» ይሉኛል። ጥሩ፣ ለልቧ። ለጭኗ ግን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 በላይ ለሆኑት በሳምንት ከ150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ሌላ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ ደግሞ ሦስት ቀን ይላል። ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለቱን ይተዋል። ስግደት የሚችሉ አረጋውያን ሳያውቁት ጥሩ የእግር ሥራ እየሠሩ ነው፤ ችግሩ ዐቢይ ጾም ላይ ስግደቱ ይበዛና ሳህኑ ይሳሳል። ጾም ይፈታ አላልኩም። ለጡንቻ የሚሆነው ፕሮቲን ያለበት ሽሮውና ምስሩ ይወፍር፣ እንጀራው አይብለጠው ነው የምለው።

የራሴን እናት ልናገር፣ 71 ዓመቷ ነው። ቡና ስታፈላ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ከዓመት በፊት ስትነሳ አየኋት። ስኒዎቹን መልሳ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች። አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አደረገች። «እመቤቴ» ብላ ተነሳች። ስኒዎቹን ለማንሳት ደግሞ እንደገና አጎነበሰች። በማግስቱ ግድግዳ የተደገፈ የምግብ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና አምስት ጊዜ ተነሺ፣ ተቀመጪ አልኳት። 19 ሰከንድ። ከ15 ካለፈ የእግር ጥንካሬ አንሷል ብለን እንጠረጥራለን (የጉልበት ቁርጥማት ያለበት ሰው ግን ከሕመሙ የተነሳ ሊዘገይ ይችላል፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ሲነሳ ሊያዞረው ስለሚችል አጠገቡ ሰው ይቁም)። «ምን ላድርግ፣ እርጅና ነው» አለችኝ። ሜታቦሊዝም ያላለችው ቪዲዮ ስለማታይ ነው።

ከወንበር መነሳት በየሁለት ቀኑ፣ መጀመሪያ ስምንት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ውሃ የተሞሉ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይዛ። ተሳድባኛለች። አንድ ሳምንት ዘልላ ዋሽታኛለች። ኪሎዋ እንዳለ ነው፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልቀነሰም፤ ባለ ሻዩ ቢያያት «አልሠራም» ይላት ነበር። እሁድ ዕለት ሁለተኛው ቡና ላይ ፈንዲሻው አለቀ። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ወሬዋንም ሳታቋርጥ።