ሞተሩ ቢጠፋ ከፍ ማለት ለምን ይሻላል?

የሄሊኮፕተር ሞተር አየር ላይ ጠፋ ሲባል ብዙ ሰው «አለቀ» ይላል። አላለቀም። ፓይለቱ አውቶሮቴሽን የሚባል መውጫ አለው።

ሞተሩ ሲቆም ፓይለቱ በግራ እጁ የያዘውን ኮሌክቲቭ የተባለ ማንሻ ወዲያው ወደ ታች ይገፋል። ያኔ ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ከስር የሚመጣው አየር የላይኞቹን ክንፎች እንደ ነፋስ ወፍጮ ያሽከረክራቸዋል። እንደ ሮቢንሰን አር22 ያሉ ትንንሾቹ ላይ ግን ክንፎቹ ቀላል ስለሆኑ ዙራቸው ቶሎ ይሞታል። ማንሻውን ለመጫን ያለው ጊዜ ከአንድ ሁለት ሰከንድ አይበልጥም። የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ በ1995 እ.ኤ.አ. ለአር22 እና ለአር44 አብራሪዎች ልዩ ሥልጠና ደንግጓል። የዙር መውረድን ቶሎ ማወቅና አውቶሮቴሽን እዚያ ውስጥ አሉ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ።

ግራ የሚያጋባው ከፍታው ነው። 100 ጫማ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም፣ 1,000 ጫማ ላይ ከመብረር የበለጠ አደገኛ ነው። ለምን? ክንፎቹን በአየር ለማሽከርከር ወይ ፍጥነት ወይ ቁመት ያስፈልጋል። እዚያ ሁለቱም የሉም። መሬቱ ቀድሞ ይደርሳል። በአብራሪው መመሪያ ላይ ይህን አደገኛ ክልል የሚያሳይ የከፍታና የፍጥነት ቻርት አለ፤ ፓይለቶች «የሟች ሰው ኩርባ» ይሉታል።

መጨረሻው መሬት አጠገብ ነው። በ40 ጫማ አካባቢ አፍንጫው ቀና ይደረግና ፍጥነቱ ይሰበራል። ከዚያ ሄሊኮፕተሩ ይስተካከላል፤ ማንሻው ወደ ላይ ይሳባል። ክንፎቹ ውስጥ የቀረው ዙር ማረፊያውን ያለሰልሳል። ዙሩ ግን ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው የሚበቃው።