መሪው ወዲያ፣ መኪናው ወዲህ፦ ስለ ድሪፍት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ቤት ተቀምጬ ጎማዬ እስኪለጠፍ እጠብቅ ነበር። አጠገቤ ሦስት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የድሪፍት ቪዲዮ ያያሉ፤ መኪና ጭራውን አውጥቶ እየተንሸራተተ ሲታጠፍ። ከስልኩ የሚሰማው የጎማ ጩኸት ብቻ ነው። አንዱ «ይሄማ የእጅ ፍሬን ነው፣ ምን ይገርማል?» አለ። ሁለተኛው «መኪናው ነው እንጂ እሱማ ምን ሠራ» አለ። ጎሚስታው ከሥራው ቀና ሳይል «ጎማ የሚያቃጥል ሰው ከኪሱ ጎማ ገዝቶ አያውቅም» ብሎ ዘጋው። ሳቅን።

ልጆቹ ግን ተሳስተዋል። ጎሚስታውም ግማሽ በግማሽ። እዚያው የጀመርነው ክርክር ጎማው ተለጥፎ ካለቀም በኋላ ቀጠለ፤ የተረፈውን እዚህ ልጨርሰው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

«መኪናው ከቁጥጥር ሲወጣ ነው ድሪፍት የሚባለው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

መኪና ሁለት ዓይነት መንሸራተት አለው። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ከለቀቁ መሪህን ብታዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላዎቹ ከለቀቁ ደግሞ ጭራው ወደ ውጭ ይወጣል፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይዞራል። ድሪፍት ሁለተኛው ነው። ልዩነቱ ሹፌሩ ሆን ብሎ መጀመሩና መታጠፊያው እስኪያልቅ ይዞት መቆየቱ ነው።

ሆን ተብሎ ያልተጀመረውን እኔው አይቼዋለሁ። አጎቴ ዲኤክስ ኮሮላ ነበራቸው። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በጥቂት ወሩ፣ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ የጣለ ዕለት፣ እሳቸውን ከጎኔ አስቀምጬ እነዳለሁ። አዳማ የኖረ ሰው ያን ዕለት ያውቀዋል። ወራት ሙሉ ነፋሱ አስፋልቱ ላይ ሲያራግፈው የከረመው አቧራ ከተንጠባጠበው ዘይት ጋር ይቦካና መንገዱ ሳሙና ይሆናል። አደባባይ እየዞርኩ ቤንዚኑን ትንሽ በዛ አድርጌ ሰጠሁት። የመኪናው ጭራ ወደ ቀኝ ሸሸ። እኔ ምን ሠራሁ? ፍሬኑን በሙሉ እግሬ ረገጥኩት። ዓይኔንም የጨፈንኩ ይመስለኛል። ስገልጠው የመጣንበትን መንገድ ፊት ለፊት እያየን ቆመናል። አንድ ጋሪ ነጂ ቆሞ ያየኛል። ፈረሱ ከእኔ የተረጋጋ ነበር።

አጎቴ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አንተ ልጅ፣ ፍሬን ማን ርገጥ አለህ?»

«ጋሼ፣ ደንግጬ ነው።»

«ጭራው ወደ ቀኝ ከሄደ መሪህን ወደ ቀኝ። እግርህን ከፍሬን ላይ አንሳ። ዓይንህን መሄድ ወደምትፈልግበት እንጂ ወደምትፈራው አትላክ።»

አጎቴ ለዓመታት በአሰብ መስመር የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ድሪፍት የሚባል ቃል ሰምተው አያውቁም። የተናገሩት ግን የድሪፍትን ግማሽ ትምህርት ነው።

ሌላው ግማሽ ያለው ቀኝ እግር ላይ ነው። እኛ ጭራው ከወጣ በኋላ ለማዳን እንጣጣራለን። ድሪፍት የሚነዳው ሰው ራሱ ያወጣዋል፣ ከዚያም በቤንዚን እዚያው ያቆየዋል። ሲጨምር ጭራው ይበልጥ ይወጣል፣ ቀነስ ሲያደርግ ይመለሳል። ደንግጦ ባንዴ ከለቀቀው ግን የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱን ድንገት ይነክሱና መኪናው በተቃራኒው አቅጣጫ ይወረወራል። ብዙ ጀማሪ የሚጋጨው ሲንሸራተት አይደለም፤ መንሸራተቱ ሲያበቃ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል መኪናው ወደ ግራ እየታጠፈ መሪው ወደ ቀኝ ተጠምዝዟል። ሹፌሩም መንገዱን የሚያየው በፊት መስታወት ሳይሆን ብዙ ጊዜ በጎን መስኮት ነው። ይሄን «ከቁጥጥር ውጭ» ማለት ገመድ ላይ የሚሄደውን ሰው «ሊወድቅ ነው» እንደማለት ነው። ለዓይን ልክ ይመስላል።

በዚያ ላይ አፍታ ብቻ የሚቆይ ነገር አይደለም። በ2017 አሜሪካ ውስጥ አንድ ቢኤምደብሊው ኤም ፋይቭ ውሃ በተረጨበት ክብ ሜዳ ላይ ስምንት ሰዓት ተንሸራቶ 374 ኪሎ ሜትር ሄደ። ነዳጅ የተቀዳለት እየተንሸራተተ፣ አጠገቡ ከሚንሸራተት ሌላ መኪና ነው። የአዲስ አዳማን የፍጥነት መንገድ ሁለቴ ደርሶ መልስ ብትነዳ እንኳ ያን ያህል አይሞላም።

«የእጅ ፍሬን መሳብ ነው»

ስልኩ ላይ የተደፋው ልጅ አባባል ነው። ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ይገባኛል። ከተማው ውስጥ የሚያየው ቪትዝ ነው። ቪትዝ ደግሞ ጋሪ ማለት ነው፤ ፈረሱ ከፊት ሆኖ ይጎትታል። ባጃጅ በተቃራኒው ከኋላ ይገፋል። ቪትዝ ላይ የእጅ ፍሬን ብትስብ የኋላ ጎማዎቹ ይቆለፋሉ፣ ጭራው ሽው ይላል፣ አለቀ። መንሸራተቱን የምታስቀጥልበት ኃይል ከኋላ የለህም። ቤንዚን ስትሰጠው እንዲያውም የፊቶቹ ጎትተው ያቃኑታል።

ድሪፍት ከኋላ የሚገፋ መኪና ይፈልጋል። የእጅ ፍሬን እዚያም አለ፤ ግን ካሉት ማስጀመሪያዎች አንዱ ብቻ ነው። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሞተሩን ማስጮህና ባንዴ መልቀቅ ሌላው ነው፤ ኃይሉ የኋላ ጎማዎቹን በጥፊ እንደመታቸው ያሽከረክራቸዋል። ለእኔ ግን የሚያምረው መወዝወዙ ነው። ወደ ግራ ልትታጠፍ ስትል መጀመሪያ መሪውን ወደ ቀኝ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ወደ ግራ። የመኪናው ክብደት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይጣላል፣ ሲመለስ ጭራውን ይዞት ይሄዳል። የእጅ ፍሬን አልተነካም። ውሃ በባልዲ የተሸከመ ሰው ድንገት ሲታጠፍ ውሃው ምን እንደሚሆን አስቡት።

ዲኤክስ፣ የሁላችንም ዲኤክስ፣ ከኋላ የሚገፋ ነው። የድሮዎቹ ላዳ ታክሲዎችም እንደዚያው። ሃይገሩፍ ሚኒባስም ከኋላ ነው የሚገፋው፣ ግን ስለ እሱ ሐሳብ አታቅርቡልኝ።

«ቀድሞ የገባ ያሸንፋል»

ማንም ቀድሞ አይገባም። ድሪፍት በሰዓት አይለካም፣ በዳኛ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ የሚንሸራተት ጎማ ከሚይዝ ጎማ ያነሰ ስለሚጨብጥ፣ ጠርዙን ይዞ በሥርዓት የሚታጠፍ መኪና ይቀድመዋል። (ጠጠርና ጭቃ ላይ ነገሩ ይለያል፤ የራሊ ሹፌሮች ጭራቸውን የሚያወጡት ለማማር አይደለም።)

ዳኞች የሚያዩት መኪናው የተሰመረለትን መስመር መከተሉን፣ ምን ያህል አግድም መሄዱን፣ ሳያመነታ በድፍረት መግባቱንና መቀጠሉን ነው። አፍንጫው ከውስጠኛው ምልክት አጠገብ ማለፍ አለበት፣ ጭራው ደግሞ በውጭ በኩል የተሰመረውን ቦታ መሙላት አለበት። ይህን ሁሉ ብቻህን ከሠራህ በኋላ እውነተኛው ውድድር ይመጣል፤ አንድ ለአንድ። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። ተከታዩ የፊተኛውን መኪና እንቅስቃሴ እንደ ጥላ ይደግማል፣ በሩ ላይ ሊለጠፍ እስኪደርስ ይጠጋል፣ ግን መንካት የለበትም። ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ዳኞቹ መለየት ካቃታቸው እንደገና ይሮጣሉ። ከፊትህ ያለው መኪና ጭስ ውስጥ ሆነህ፣ መንገዱን ሳታየው፣ እሱ ፍሬን ይያዝ አይያዝ በግምት እየነዳህ ነው። የእስክስታ ትከሻ ለትከሻ ግጥሚያ ላይ አንዱ ሌላውን ሲከተል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ፍጥነቱ ግን ቀላል አይደለም። በ2016 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ፉጃይራ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ጎማ ብቻ እንዲገፋ የተቀየረ ኒሳን ጂቲአር በሰዓት 304.96 ኪሎ ሜትር እየሄደ ተንሸራቷል።

«ፊልም የወለደው ነገር ነው»

ፊልም አሳወቀው እንጂ አልወለደውም። የተወለደው ጃፓን ነው፣ በ1970ዎቹ። ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የሚባል ሰው በ1961 የዓለም የሞተር ሳይክል ግራንድ ፕሪ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነበር። በኋላ ወደ መኪና ዞረ፣ መታጠፊያዎችንም ጭራውን እያወጣ በጭስ ያልፍ ጀመር። ተመልካች ወደደው። ከወደዱት አንዱ ኬይቺ ቱቺያ የሚባል ወጣት ነበር። ቱቺያ ይሄንኑ በተራራ መንገዶች ላይ ተለማመደ። ሕገወጥ ነበር። ዛሬ «የድሪፍት ንጉሥ» የሚሉት እሱን ነው።

«መሮጥ ያቃተው ነው የሚንሸራተተው» ለሚሉ ደግሞ፦ በ1995 ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የ«ለ ማን» የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ላይ ታካሃሺና ቱቺያ ከአንድ ሌላ ጃፓናዊ ጋር በአንድ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ ተፈራርቀው ነድተው ምድባቸውን አሸንፈዋል። መምህሩና ተማሪው፣ አንድ መቀመጫ ላይ።

ዲዋን ግራንድ ፕሪ የሚባለው የድሪፍት ውድድር ጃፓን ውስጥ በ2000 ተመሠረተ፣ የአሜሪካው ፎርሙላ ድሪፍት የመጀመሪያ ዓመቱን በ2004 ሮጠ። በ2017 ደግሞ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በስሙ የድሪፍት ዋንጫ ቶኪዮ ላይ አዘጋጀ።

ሠርግ ሲሆን ልጆቻችን አንድ ቦታ ላይ መኪና የሚያሽከረክሩት ነገር ከጃፓን ይልቅ ለደቡብ አፍሪካ ይቀርባል። ሶዌቶ ውስጥ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሮጌ ቢኤምደብሊው ክብ እየሠሩ ማሽከርከር አለ። እነሱ ስፒኒንግ ይሉታል፣ የራሱ ጥበብ አለው፣ ድሪፍት ግን አይደለም። ደግሞም እዚያ አሁን ሜዳ አለው። እኛ ጋ ሜዳው ባጃጅና ሕፃን የሚያልፍበት መንገድ ነው። ያንን ድፍረት አልለውም።

«ሚሊዮኖች የወጡበት መኪና ከሌለህ አይሆንም»

ቱቺያን ያስጠራችው መኪና ቶዮታ ኤኢ 86 ናት። 1.6 ሊትር ሞተር፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች። የኛ ዲኤክስ ታናሽ እህት በሏት፤ ሌላው ኮሮላ በዚያ ትውልድ ወደ ፊት ጎማ ሲዞር እሷ ከኋላ መግፋቷን ቀጠለች። ጉልበት ያነሰው መኪና ሹፌሩን ያስተምራል፤ ስህተትህን በጉልበት አትሸፍንም። እርግጥ ዛሬ በትልልቆቹ ውድድሮች ከ1,000 ፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው መኪኖች ይሰለፋሉ። ያ ግን ጫፉ ነው። መጀመሪያው ቀላል፣ ከኋላ የሚገፋ መኪናና በብየዳ የተቆለፈ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ነው፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ።

አዳማ ላይ ግን አንድ ነገር ይቀነስላችሁ፦ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነን። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከ15 በመቶ ያላነሰ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስስ ነው።

«ኤሌክትሪክ መጣ፣ ድሪፍት ሞተ»

አልሞተም። ከተማችን የገቡት ፎልክስዋገን አይዲ ፎሮች አብዛኞቹ ከኋላ የሚገፉ ናቸው፣ ጉልበታቸውም ገና ስትነካው ይመጣል። የሚከለክለው ኮምፒዩተሩ ነው። ጭራው ገና ማሰብ ሲጀምር ይይዝብሃል። ለመንገድ ጥሩ፣ ለድሪፍት አሰልቺ።

«ጎማ ማባከን ነው»

እዚህ ጎሚስታው ትንሽ ያሸንፋል። የኋላ ጎማ በውድድር ጥቂት ዙር ብቻ ነው የሚቆየው፣ ጭሱም የጋለው ላስቲክ ነው። ግን ጎማው ይናገራል። ጎሚስታው ከክምሩ አንድ አሮጌ ጎማ አንስቶ አውራ ጣቱን ውስጠኛው ጠርዝ ላይ አሳለፈ። በዚያ በኩል ሽቦው ወጥቷል፣ በውጭ በኩል ጥርሱ አለ። «ይሄ ያልተስተካከለ እግር ነው» አለ። የድሪፍት ቡድን መካኒክም ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ጎማው ከዳር እስከ ዳር እኩል ካላለቀ መኪናው መሬቱን በሙሉ እግሩ አልረገጠም ማለት ነው።

ማታ ለአጎቴ ደውዬ ይሄን ሁሉ አወራኋቸው፤ ዳኞቹን፣ መስመሩን፣ ነጥቡን። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እንዲያ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አሰብ መንገድ ላይ ያን ሁሉ ስንሸራተት አንድ ነጥብ የሰጠኝ የለም።»