በበጋ ወደ ተራራ ለሚወጡ ቤተሰቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደጋ የሚወጡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ ወደ ወንጪ፣ ሌላው ወደ መንዝ ጓሳ፣ ራቅ ብሎ መሄድ የሚችለው ደግሞ ወደ ባሌ ዲንሾ ሄዶ በእንግዳ ማረፊያ ጎጆ ያድራል፤ ቀን ቀን በእግሩ ተራራ ይወጣል። ዝግጅቱ ሲታይ ግን ጫማው፣ ባርኔጣውና ስንቁ ሁሉ የተሰናዳው ለቀኑ ነው። በእኔ ግምት ቤተሰብን ለችግር የሚዳርገው ሌሊቱ ሲሆን፣ በከተማችን ስለ ብርድና ስለ ተራራ ከሚነገሩት ነገሮች ብዙዎቹ የሚያሳስቱትም በዚሁ ላይ ነው።

የመጀመሪያው አመለካከት «ብርድ የክረምት ነው፤ በበጋ አንድ ሹራብ ይበቃል» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ፀሐይን ስለሚከልል ቀኑ ይቀዘቅዛል። ሆኖም ያው ደመና ሌሊት ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያቆየዋል። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ትለቃለች፤ ስለዚህም በአዲስ አበባ እንኳ ዝቅተኛው የሌሊት ሙቀት የሚመዘገበው በክረምት ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የደጋ ገበሬም ውርጭ እህሉን እንዳይመታበት የሚሰጋው በዚሁ ወቅት ነው። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። መሃል አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በዚያው በባሌ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አራት ኪሎ ማታ ሻይ ለመጠጣት የሚበቃ ጃኬት እዚያ ጎሕ ሲቀድ ለሽንት ለሚወጣ ልጅ አይበቃም።

ጋቢ ካለ ብርድ አይደፍረንም የሚሉም አሉ። ጋቢው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ልክ ናቸው፤ በድርቡ መካከል የያዘው አየር ሙቀትን ያቆያል፣ ተቀምጦ ለመጨዋወትም የሚተካከለው የለም። ጥጥ ግን ላብ ወይም ጉም ሲያርሰው ውሃውን ይዞ ይቀርና ገላን ያቀዘቅዛል። ብርድን ጠንቅቆ የሚያውቀው የመንዝ ሰው በርኖሱንና ባናውን ከበግ ፀጉር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የበግ ፀጉር እርጥበት ቢነካውም ሙቀት መያዙን አይተውም። ስለዚህ በጉዞ ጊዜ ከጥጥ ካናቴራ ይልቅ ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ቲሸርት፣ በላዩም የሱፍ ሹራብ መልበስ (ሳልቫጅ ከሚሸጡት ዘንድ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል)፣ ጋቢውን ደግሞ ውሃ በማያስገባ ከረጢት አስሮ ለማታ ማቆየት ይሻላል። ልጆች ጎጆው እንደደረሱ፣ ገና ላባቸው ሳይበርድባቸው፣ ካልሲያቸው ሳይቀር በደረቅ ይቀየርላቸው።

ከሁሉ የከፋው ስለ ከሰል የሚነገረው ነው፦ «ፍሙ ከቀላና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም።» ቤታችን ዘወትር ቡና በከሰል ስለሚፈላ ይህን ለማመን አንቸገርም። ነገር ግን የሚገድለው የምናየው ጭስ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው፤ እርሱም ደህና ከቀላ ፍም ይወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ኦክስጅን ራሱ ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። የመነሻ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና መዛል ናቸው፤ ሲራመድ ለዋለ ሰው እነዚህ ሁሉ ድካም ስለሚመስሉ «ተኛ፣ ይለቅሃል» ይባላል፤ ትልቁ አደጋም ይኸው ነው። ቡና የሚፈላው በሩ ተከፍቶ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ሁሉም ነቅቶ ሳለ ነው። በተራራ ጎጆ ግን ነፋሱን ፈርተን መስኮቱን እንዘጋለን፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ እንወትፋለን፣ ማንደጃውን አልጋው ሥር አስጠግተን እንተኛለን። መስኮቱን ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ለታፈነ ሰው ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደሙ አያስወጣውም፤ የሚበጀው ወዲያውኑ ንጹሕ አየር ወዳለበት ማውጣትና ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ጎጆው በደንብ የሚስብ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከሌለው፣ ከሰሉን ውጭ ትቶ አልጋውን በፍል ውሃ ማሞቅ ይቻላል፤ ፍል ውሃ ሃይላንዱን ስለሚያጨማድደው ጠበቅ ብሎ የሚከደን ወፍራም ኮዳ ይዞ በፎጣ መጠቅለል ያስፈልጋል።

አረቄ ያሞቃል ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል፦ አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ፊት ይሞቃል፣ የውስጥ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ አይልጥም የሚለውም ስሕተት ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ርቀትን በከተማ ልማድ መለካትም ቤተሰብን በጨለማ ያስቀራል። በተራራ ጉዞ የተለመደው ስሌት ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ 600 ሜትር የሚያስወጣ የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ለብርቱ ጎልማሳ ያለ ዕረፍት 3 ሰዓት ይፈጃል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ለያዘ ሰው ከዚህ እጅግ ይረዝማል። በአገራችን ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከገባች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መነሳትና ጫፉ ቀርቦ ቢታይ እንኳ ቀትር ላይ መመለስ ይገባል።

በመጨረሻም «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ የሚያመው ፈረንጅን ነው» ይባላል። አዲስ አበባ መኖር በመጠኑ ያግዛል፤ ከ2,400 ሜትር ተነስቶ በአጭር ጊዜ 4,000 ሜትርን ማለፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሳነቴ አምባ ላይ እስከሚገኘውና 4,377 ሜትር ከፍታ እስካለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ድረስ መኪና ስለሚወጣ ሰውነት ለመላመድ ፋታ አያገኝም። የስፖርት ብርታትም አይከላከልም። የሚመከረው ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው፤ ይህም ማለት ዲንሾ አድሮ ሳነቴን በቀን ጎብኝቶ ዝቅ ወዳለው ሥፍራ ተመልሶ መተኛት ነው። የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሌሊት ይጠነክራል፤ ምልክቱም ከከሰል መታፈን ጋር ስለሚመሳሰል ክፍሉ ውስጥ እሳት ካለ በመጀመሪያ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ። ሕፃን ራሱን እንዳመመው መናገር ስለማይችል መነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ ማለትና ማስታወክ ምልክት ተደርጎ ይወሰድ። ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ የሚዘባርቅ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ፣ ንጋትን ሳይጠብቁ ወደ ታች ማውረድ ግድ ነው፤ ስለሆነም ከአዋቂዎቹ መካከል መንዳት የሚችል አንድ ሰው ማታ መጠጥ ባይቀምስ፣ መኪናውም ነዳጁ ሳያልቅ ቢያድር ይመረጣል።