ቫልዩ (እሴት) ምንድን ነው? «መከበር» ቫልዩ አይደለም በቃ

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። አንድ ሰውዬ ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ «ቫልዩዎቻችሁን እወቁ፣ በነሱ ኑሩ» እያለ ይመክራል፣ እሺ፣ እስከዚህ ጥል የለንም፣ ከዛ የራሱን ሲዘረዝር «መከበር፣ መወደድ፣ መታመን፣ ስኬታማ መሆን» ብሎ እርፍ። አራት ጠራ፣ ሶስቱ ቫልዩ አይደሉም፣ አንዱ ደግሞ እንደ አተረጓጎሙ ነው። ስቄ ባልፈው ደስ ባለኝ፣ ችግሩ እኔ የምሰራው የስነልቦና ምክር ላይ ነው፣ ሰዎች ይሄንን ሰምተው ይመጡና «እሱ እኮ ቫልዩዬን አልጠበቀልኝም» ይሉኛል፣ ስንት ቀጠሮ ያንን በመፍታት ብቻ ያልቃል መሰላችሁ።

ግሱን እዩት እስቲ። መከበር ሌላ ሰው የሚያደርግልህ ነገር ነው፣ ማክበር ግን አንተ የምታደርገው። መወደድና መውደድ፣ መደመጥና ማዳመጥ፣ ሁሉም እንደዛው። ቫልዩ የሚገኘው ሁልጊዜ አድራጊው አንተ የሆንክበት ግስ ጋ ነው። «መታመን»ን ለብቻ ያወጣሁት አማርኛው ራሱ ስለሚያምታታ ነው፣ ሰዎች እንዲያምኑኝ እፈልጋለሁ ማለቱ ከሆነ አይደለም፣ ለሰው ታማኝ ሆኜ መኖር እፈልጋለሁ ማለቱ ከሆነ አዎ፣ ንጹህ ቫልዩ ነው። የቱን ማለቱ እንደሆነ ቀጥሎ ካለው ነገር ገባኝ፣ «ያላመነኝን ሰው ከሕይወቴ አስወጣዋለሁ» አለ።

መከበር መፈለግ ነውር ነው እያልኩ አይደለም፣ ማንም ይፈልጋል፣ እኔም እፈልጋለሁ፣ ግን ስሙ ፍላጎት ነው። የሚሰድብህ ሰው ካለ ራቀው ወይ እንዲህ አትናገረኝ በለው፣ ያ ደግሞ ባውንደሪ ይባላል፣ ሌላ ነገር ነው። በስም ለምን ትጨቃጨቃለህ ለምትሉኝ፣ የምጨቃጨቀው «በቫልዩ መኖር» የሚባለው ነገር በተሳሳተው ስም ላይ ስለማይሰራ ነው። ቫልዩህ መከበር ከሆነ ጠዋት አንዱ በአክብሮት ሰላም ሲልህ በቫልዩህ ኖርክ፣ ከሰዓት አለቃህ ሲጮህብህ ከቫልዩህ ወጣህ ማለት ነው፣ አንተ ግን ሁለቱም ጊዜ ወንበርህ ላይ እንደተቀመጥክ ነህ፣ ምንም አላደረግክም! ማክበር ከሆነ ግን አለቃህ ሲጮህም የምትሰራው ስራ አለህ፣ ምን ብዬ፣ በምን ድምፅ ነው የምመልስለት የሚል። ከባድ ነው፣ ግን ያንተ ነው።

እኔ ለክላየንቶቼ የምለው ቫልዩ የእጅ ጽሑፍ ነው ነው። ማመልከቻም ጻፍ የፍቅር ደብዳቤም ጻፍ የስልክ ቁጥርም ጻፍ፣ የፊደል አጣጣልህ ያው ነው፣ ስምህን ባታሰፍርበት እንኳ የሚያውቅህ ሰው አይቶ የማን እንደሆነ ይናገራል። ገጹን ትጨርሳለህ፣ ደብተሩን ትጨርሳለህ፣ አጣጣልህን ግን ጨረስኩት ብለህ ዘግተህ አትሄድም። «ስኬታማ መሆን» የወደቀው እዚህ ጋ ነው፣ ዲግሪ መያዝ፣ ቤት መስራት፣ ድርጅት መክፈት፣ እነዚህ ገጾች ናቸው፣ ግብ ይባላሉ፣ አንድ ቀን ያልቃሉ። ተግቶ መስራት ወይም ሰውን ሳይረግጡ መስራት ግን አጣጣል ነው፣ ገጹ ባያልቅም፣ ፈተናውን ብትወድቅም፣ እዛው ገጽ ላይ አለ። ስቲቨን ሄይስ የሚባል የስነልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ ያዳበሩት፣ አክት ብለን የምንጠራው የስነልቦና ሕክምና ዘዴ አንዱ ዋና ነገሩ ይሄ ነው፣ ቫልዩን በየደቂቃው የምታደርገው ነገር ጠባይ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ያውም አንተ የመረጥከው ጠባይ።

አሁን ለሰውዬው አንድ ነገር ልስጠው፣ ታማኝነት ቫልዩ ነው ብለን የለ። ሚልተን ሮኪች የሚባል የማህበራዊ ስነልቦና ተመራማሪ ነበር፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ 36 እሴቶች አሉት፣ 18ቱ የመጨረሻ መድረሻ፣ 18ቱ የአካሄድ ጠባይ፣ እና ከመድረሻዎቹ መሃል በሰው ዘንድ መከበርና መደነቅ የሚል አለ! ስለዚህ ሮኪችን ጠቅሶ ቢመጣብኝ ትንሽ ላብ ያልበኛል። ግን ሮኪች ይጠይቅ የነበረው ሰዎች ምንን ከምን ያስበልጣሉ ነው፣ ሕዝብን ለማጥናት፣ እና ለዛ ስራ መከበርም ይቆጠራል። እኛ ቀጠሮ ላይ የምንጠይቀው ነገ ጠዋት ተነስተህ ምን ታደርጋለህ ነው፣ ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ስራው ሁለት ነው፣ የሰውዬው ጥፋት የዛኛውን ዝርዝር ለዚህኛው ስራ መጠቀሙ ነው።

ከሮኪች ግን ምክር ሰጪዎቹ ሁሉ የዘለሉት ነገር አለ፣ ሰው ሁሉንም በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ነበር የሚያደርገው። ሁለት አንደኛ የለም። ቀጥሎ የመጣው ተመራማሪ ሻሎም ሽዋርትዝ ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ በ1992 10 መሰረታዊ እሴቶችን ክብ አድርጎ አስቀመጣቸው፣ በ2012 ከባልደረቦቹ ጋር ወደ 19 ከፋፈላቸው፣ ክብ የሆነበት ምክንያት ለውበት አይደለም፣ ጎን ለጎን ያሉት ስለሚደጋገፉ፣ ፊት ለፊት ያሉት ስለሚጋጩ ነው። የራስን ስኬት ማሳደድ ከቅርብ ሰው መልካም መሻት ፊት ለፊት ነው፣ ዋስትና መፈለግ በራስ መንገድ ከመሄድ ፊት ለፊት ነው። እና «ቫልዩዎቼ ነጻነት፣ ዋስትና፣ ቤተሰብ፣ ስኬት፣ ጀብዱ» ብሎ የሚዘረዝር ሰው ምንም አልነገረኝም፣ ክቡን በሙሉ ነው የነገረኝ። ወደ እጅ ጽሑፉ ምሳሌ ስንመለስ፣ በፍጥነት መጻፍም አሳምሮ መጻፍም ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ የፈተናው ሰዓት ሲያልቅ ግን አንዱን ትለቃለህ፣ የለቀቅከው የቱ እንደሆነ ነው አንተን የሚያሳየው። የሚገርመው እሴት የሚለው ቃላችን ከግዕዙ ዕሴት ነው የመጣው፣ እዛ ደግሞ ዋጋ፣ ብድራት ማለት ነው። በአማርኛ እያሰቡ ዋጋው የት ሄደ ብሎ አለመጠየቅ ይከብዳል ባይ ነኝ።

ታዲያ የራሴን እንዴት ላግኘው ላላችሁ፣ ካርድ ላይ የተጻፉ ቃላትን መምረጥ ይቻላል፣ እኛም እንጠቀማለን፣ ግን ካርዱ ወሬ ለማስጀመር ነው፣ ሰው ደግሞ ካርድ ሲሰጡት መሆን የሚያምረውን ነው የሚመርጠው። እኔ ብዙ ጊዜ የተጻፉ ገጾችን ነው የማስገልጠው፣ ባለፈው ሳምንት እንደዛ በመሆኔ ደስ ብሎኛል ያልክበት አንድ ሰዓት፣ ከዛ ደግሞ እንደዛ ባልሆንኩ ያልክበት አንድ ሰዓት። ጸጸት በጣም ጥሩ ጠቋሚ ነው፣ ምንም ግድ በማይሰጠን ነገር አንጸጸትማ።

እዚህ ጋ ሌላ የሚያናድደኝ አባባል አለ፣ «ጊዜህንና ገንዘብህን የት እንደምታጠፋ አሳየኝ፣ ቫልዩህን እነግርሃለሁ» የሚል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን የደላው ሰው ወሬ ነው። ሁለት ስራ የምትሰራ እናት ልጆቿን የምታየው ተኝተው ነው፣ እና ልጆቿ ቫልዩዋ አይደሉም ልትሏት ነው? ምርጫ በሌለበት ሰዓት ላይ የሚነበብ ነገር የለም። እሷን የምታዩዋት በቀራት ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ደክሟትም እንዴት እንደምትሆን። የእጅ ጽሑፉ ምሳሌ ትንሽ የሚሰነጠቀውም እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ለመጻፍ እስክሪብቶ ያስፈልጋል።

ኬሊ ዊልሰንና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት አንድ መጠይቅ አለ፣ እሱን እወደዋለሁ፣ 10 የሕይወት ዘርፎችን ይዘረዝርና መጀመሪያ እያንዳንዱ ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነልህ ከ1 እስከ 10፣ ከዛ ባለፈው ሳምንት ምን ያህል እንደዛው እንደኖርክ ከ1 እስከ 10 ትሞላለህ። ልጅ ማሳደግ 10፣ ባለፈው ሳምንት 3። ክፍተቱ ላይ ነው ስራው። ግን በዚህ ራሳችሁን እንዳትገርፉበት፣ ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉም ጋ 2 ሊሞላ ይችላል፣ ያ ሕመሙ ነው እንጂ አስመሳይነት አይደለም፣ መጀመሪያ የሚታከመው እሱ ነው። ሌላም ልጨምር፣ የሚደበድባት ባል ጋ ተቀምጣ «ትዕግስት ቫልዩዬ ነው» የምትል ሴት ካለች፣ እኔ ያንን ቫልዩ ብዬ አልመዘግብም፣ ፍርሃት ቫልዩ የሚል ካባ ሲደርብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ እዛ ቤት የመጀመሪያው ጉዳይ ደህንነቷ ነው።

የመጨረሻ ማጣሪያዬ አንድ ጥያቄ ናት፣ ከአክት ሰዎች የተማርኳት። የመረጥከውን ያዝና፣ ይሄንን እንደምታደርግ ማንም ባያውቅልህ፣ እናትህም አባትህም ጓደኞችህም ሳይሰሙ ቢቀር፣ አሁንም ታደርገዋለህ? ለሰው ዓይን ብለን የተሸከምነው ብዙ ነገር እዚህ ጋ ይራገፋል፣ በጎ አድራጎቱም፣ ትምህርቱም፣ ትሁት መምሰሉም። ማክበር ያልፋል፣ ሰውን በሌለበት ማክበር ይቻላላ። ማንም ሳያውቅ መከበር ግን እንዴት እንደሚሆን፣ ሰውዬው በሚቀጥለው ቪዲዮ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።