ተነጻጻሪ ዘይቤ ምንድን ነው?

«እንደ እንቧይ ካብ ተናደ» ሲባል ያልሰማ የአማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። እንቧይን በዓይኑ ያየ ግን እያነሰ ሄዷል። በመንገድ ዳር በሚበቅል እሾሃም ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራ፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆን ድብልብል ፍሬ ነው። ጠፍጣፋ ጎን ስለሌለው አንዱን ባንዱ ላይ ልካብ ያለ እረኛ ሦስተኛውን ሳያነሳ ሁለተኛው ይንከባለልበታል። እስቲ «ማኅበሩ እንደ ግድግዳ ተናደ» እና «ማኅበሩ እንደ እንቧይ ካብ ተናደ» የሚሉትን አስተያዩ። የፊተኛው መውደቁን ብቻ ይነግረናል። የኋለኛው ግን ማኅበሩ ከመጀመሪያውም ሊቆም እንደማይችል ይፈርዳል።

ይህ ነው ተነጻጻሪ ዘይቤ፦ በዓይነታቸው የተለያዩ ሁለት ነገሮችን በሚጋሩት አንድ ጠባይ በኩል «እንደ»፣ «ያህል»፣ «ይመስል» በመሳሰሉ ቃላት የሚያገናኝ አነጋገር። «የተለያዩ» የሚለው ይሰመርበት። «ልጁ እንደ አባቱ ረጅም ነው» ብንል ሰውን ከሰው ጋር አመዛዘንን እንጂ ዘይቤ አልተጠቀምንም። «እንደ ነገርኩህ» ውስጥ ያለው «እንደ» ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ግጥም ይዞ «እንደ»ን እያሰሱ ማስመር ዘይቤ መለየት አይደለም።

ንጽጽር ከነገሩ አንድ ገጽታ ብቻ ነው የሚወስደው። በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ላይ የውዲቱ ጠጕር ከገለዓድ ተራራ በሚወርድ የፍየል መንጋ ተመስሏል። ፍየልን በቅርብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሽታዋና ጩኸቷ ትዝ ብሎት ግር ይለው ይሆናል። ጥቁር ፍየሎች ከሩቅ ተዳፋቱን ሲወርዱ ያየ ግን ትከሻ ላይ እየተዘናፈለ የሚወርድ ጠጕር ይታየዋል። ገጣሚው የፈለገው ያንን አወራረድ ነው፤ ሽታውንም ጩኸቱንም እዚያው ተራራው ላይ ትቶታል።

«እንደ»ን አንስተን «ልቤ ምጣድ ነው» ስንል ወደ ተለዋጭ ዘይቤ እንሻገራለን፤ አንዱ ሌላውን ሆነ ማለት ነው። በተነጻጻሪ ዘይቤ ግን ሁለቱም በየራሳቸው ቆመው ጎን ለጎን ይታያሉ። ለናፍቆት ግጥም እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ናፋቂው ራሱን ከሩቅ ሆኖ እንዲያይ ፋታ ይሰጠዋል።

ስንጽፍ ፈተናው ቀድሞ ብዕራችን ላይ የሚመጣው ንጽጽር ነው። «ናፍቆትሽ እንደ እሳት አቃጠለኝ» ስንት ጊዜ ተባለ! ከመብዛቱ የተነሣ እሳቱ አይፋጅም። እንዲህ ሲመጣብኝ ብዕሬን አስቀምጬ ስሜቱን እጠይቀዋለሁ፦ የሚነድ ነው ወይስ ነዶ ያለፈ? ናፍቆት የሚመጣው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነውና እሳቱን ትቼ እሳቱ የተወውን ፈለግሁ፦

ከሄድሽ ወዲህ ልቤ እንደ ምጣድ ሆኗል፣
እሳቱ ቢጠፋም ግለቱ መች በርዷል።

የሸክላ ምጣድ እንጨቱ ከሥሩ ከወጣ በኋላም ለረጅም ጊዜ እጅ አያስነካም። ጋጋሪዋም ይህን ስለምታውቅ እንጨቱን አስቀድማ ትጎትትና የመጨረሻዋን እንጀራ በዚያው ግለት ታወጣታለች።