ቃኚ ሄሊኮፕተር ለምን እየተወደደ ሄደ?

የቃኚ ሄሊኮፕተር ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። ዝቅ ብሎ ይበራል፣ ጠላት የት እንዳለ ያያል፣ ያየውን ለኋለኞቹ ይናገራል። ጣጣው ግን ለማየት መቅረብ ያስፈልጋል፤ የቀረበ ይታያል፣ የታየ ደግሞ ይተኮስበታል። እናም ሠሪዎቹ ሁለት መንገድ ነው ያላቸው፤ ቢወድቅ ብዙ የማያንገበግብ ርካሽ ነገር መሥራት ወይም እንዳይወድቅ ገንዘብ ማፍሰስ። የአሜሪካ ጦር ሁለቱንም ሞክሯል፣ ዛሬ በእጁ አንዱም የለም።

ርካሹን መንገድ ለማየት ኦኤች-6ን ማየት ይበቃል፣ ወታደሮቹ «ሎች» የሚሉትን። እንቁላል የመሰለች ትንሽ ነገር ናት። በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በተካሄደው ውድድር ሂውዝ ኩባንያ ያለ ሞተሩ 19,860 ዶላር ብቻ ጠይቆ አሸነፈ። ዋጋው የመሥሪያ ወጪውን እንኳ አይሸፍንም ነበር፣ ኪሳራውን ዋጠው። በኋላ ዋጋውን ከፍ ሲያደርግ ጦሩ እንደገና አወዳደረና ቤል በኦኤች-58 ካዮዋ ገበያውን ወሰደበት። ቬትናም ውስጥ ሎች ዛፍ ጫፍ ላይ እየዞረች ተኩስ ትጋብዛለች፣ ከላይ የሚጠብቃት ኮብራ የሚባለው ተዋጊ ሄሊኮፕተር ተኩሱ ወደመጣበት ይወርዳል። ቃኚዎቹ «ነጭ»፣ ተዋጊዎቹ «ቀይ» ስለሚባሉ ጥምረቱን «ሮዝ ቡድን» ይሉት ነበር። ስሙ ያምራል፣ ሥራው ግን በግልጽ ቋንቋ ማጥመጃ መሆን ነው። ከተሠሩት 1,400 ገደማ ሎቾች ከግማሽ በላዩ ጠፍተዋል። ርካሽ የተባለው የብረቱ ዋጋ እንጂ የአብራሪው ሕይወት አልነበረም።

ታዲያ ጥይት መከላከያ ቢጨመርስ? እዚህ ላይ ነው የክብደት ነገር የሚመጣው። መከላከያው ሲጨመር ጠንካራ ሞተር ይፈለጋል፣ ጠንካራው ሞተር ብዙ ነዳጅ ይጠጣል፣ ነዳጁ ራሱ ክብደት ነው፣ ይህን ሁሉ ለመሸከም ተሽከርካሪው ክንፍና ማርሹ ይተልቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ትንሿ ሄሊኮፕተር ትልቅ ዒላማ ሆና ቁጭ። ሙቀትና ከፍታ ሲጨመርበት ይብሳል፣ አየሩ ይሳሳና ክንፉ የሚይዘው ያጣል። አፍጋኒስታን ተራሮች ላይ ካዮዋ ከነዳጅና ከጥይት አንዱን ቀንሳ መነሳት ነበረባት። አብራሪዎቹ በሮቹን አውልቀው ይበሩ ነበር፣ አንዳንዴም በዚያው በኩል በእጅ ጠመንጃ ይተኩሳሉ።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው መፍትሔ የኦኤች-58ዲ፣ ማለትም የኋለኛዋ ካዮዋ፣ ኳስ ነው። ከተሽከርካሪው ክንፍ በላይ፣ ምሰሶው አናት ላይ፣ ካሜራ፣ ሙቀት የሚያይ መሣሪያና ሌዘር የያዘ ኳስ ተተከለ። ሄሊኮፕተሯ ከዛፍ ጀርባ ተደብቃ ኳሱን ብቻ ብቅ ታደርጋለች። ነፍስ የሚያድን ብልሃት ነው፣ ግን የሚንቀጠቀጥ ምሰሶ ላይ ምስሉ ሳይናወጥ እንዲቆም ማድረግ በነፃ አይገኝም። ከዚያ በኋላ የቃኚ ሄሊኮፕተር ዋጋ ማለት በአብዛኛው የዓይኑ ዋጋ ሆነ።

ውዱ መንገድ ደግሞ ኮማንቼ የተባለው ቃኚ ሄሊኮፕተር ነው። ከራዳር እንዲሰወር ሚሳኤሎቹ ሆዱ ውስጥ ይገባሉ፣ መድፉ ይታጠፋል፣ የሞተሩ ትኩስ ጭስ በጅራቱ ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ቀዝቅዞ ይወጣል። መጀመሪያ ወደ 5,000 ገደማ ሊሠራ ታስቦ ነበር። ወጪው ሲያብጥ ቁጥሩ ተቀነሰ፣ ቁጥሩ ሲቀነስ የአንዱ ዋጋ ይበልጥ ናረ፤ መጨረሻ ላይ ዕቅዱ 650 ላይ ደርሶ ነበር። 2004 ላይ ሲሰረዝ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት የበረሩት 2 ብቻ ነበሩ።

ቀጥሎ ከገበያ ያለውን የሲቪል ሄሊኮፕተር አስተካክለን እንጠቀም ተባለ፣ ኤአርኤች-70 ተጀመረ። የአንዱ ዋጋ ከ8.5 ሚሊዮን ገደማ ተነስቶ ከ14 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ እሱም በ2008 ተሰረዘ። እንግዲህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ተተኪ ሳይኖር ካዮዋም በ2017 ጡረታ ወጣች። ሥራዋን ከባዱ ተዋጊ ሄሊኮፕተር አፓቼ ከድሮን ጋር ተጣምሮ ያዘው። አፓቼን ለቅኝት መላክ ግን እቃ ለማድረስ የጭነት መኪና እንደማስነሳት ነው፣ ይሠራል፣ ሰዓቱ ግን ውድ ነው። ኋላ የመጣው ፋራ የተባለው የአዲስ ቃኚ ሄሊኮፕተር ፕሮግራምም ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ከበላ በኋላ የካቲት 2024 ተዘጋ። ጦሩ በምክንያትነት ዩክሬን ውስጥ የታየውን ጠቀሰ፣ ቅኝቱን ርካሽ ድሮን እየሠራው ነው።

ጃፓንም እዚያው ደርሳለች። ኦኤች-1 የተባለውን የራሷን ቃኚ 38 ብቻ ሠርታ አቆመች፣ በ2015 ደግሞ በሞተር ብልሽት ሁሉም ለዓመታት ከበረራ ታገዱ። በ2022 መጨረሻ ቃኚም ተዋጊም ሄሊኮፕተሮቿን ቀስ በቀስ በድሮን እንደምትተካ አስታወቀች። ድሮን ላይ የአብራሪ ወንበርና የወንበሩ መከላከያ ክብደት ይቀራል፤ ጥሩ ካሜራና የማይታፈን ሬድዮ ግን ሰው ኖረም አልኖረም ውድ ናቸው፣ ያ ኳስ ምሰሶ ላይ የነበረበት ዘመን ላይም እንዲሁ ነበር።