በኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ የነፋስ ፍጥነት አገማመት

ነፋስ መሬት አጠገብ በዛፍ፣ በአጥርና በቤት ስለሚታገድ ይዘገያል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር እገዳው እየላላ ፍጥነቱ በሎጋሪዝም ሕግ፣ ማለትም መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ኋላ ግን ቀስ እያለ፣ ያድጋል። የስትራክቸራል መሐንዲሱ ሥራ በሜዳ ላይ፣ በ10 ሜትር ከፍታ የተወሰነውን መነሻ ፍጥነት ይዞ ሕንፃው በሚቆምበት ገጽታና ከፍታ የሚኖረውን ፍጥነት መገመት ነው።

በአገራችን ለዚህ ስሌት ለረጅም ጊዜ ያገለገለው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኢቢሲኤስ 1 የተባለው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ ነው። ከእርሱ በፊት የ1983ቱ ኮድ ነበር። የ1995ቱ ሰነድ መሠረቱ የአውሮፓ ረቂቅ ደንብ ቢሆንም፣ የአገሩን ደጋነት በሚገባ ያስተዋለ ነው። የአየር እፍጋትን በባሕር ወለል 1.20፣ በ2000 ሜትር ደግሞ 0.94 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ አድርጎ በሠንጠረዥ ስላስቀመጠ፣ 22 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ ነፋስ በቆላ 290፣ በደጋ ግን 227 ኒውተን በካሬ ሜትር ያህል ግፊት ያሳድራል። ለደጋ ከተሞች ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

የ1995ቱ ኮድ መሬትን በአራት ምድብ ይከፍላል። ምድብ 1 ሐይቅና ጠፍጣፋ ገላጣ ሜዳ፣ ምድብ 2 አልፎ አልፎ ቤትና ዛፍ ያለበት የእርሻ መሬት፣ ምድብ 3 የከተማ ዳርቻ፣ የኢንዱስትሪ አካባቢና ቋሚ ደን ነው። ምድብ 4 የሚባለው ቢያንስ 15 በመቶው አማካይ ቁመታቸው ከ15 ሜትር በሚበልጥ ሕንፃዎች የተሸፈነ ከተማ ብቻ ነው። የሻካራነት ርዝመቱም፣ ማለትም መሬቱ ነፋሱን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካው ቁጥር፣ በምድብ 1 ከ0.01 ሜትር ተነስቶ በምድብ 4 አንድ ሜትር ይደርሳል።

በ22 ሜትር በሰከንድ መነሻ፣ በ50 ሜትር ከፍታ፣ አማካይ ፍጥነቱ በምድብ 2 28.9፣ በምድብ 4 ደግሞ 20.7 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ግፊት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ የአማካይ ግፊቱ ልዩነት እጥፍ ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል። ይሁንና ነፋሱ በከተማ ውስጥ ይበልጥ ስለሚናወጥ፣ ቅጽበታዊው ሽውታ ከአማካዩ ጋር ሲነጻጸር እዚያ ይገዝፋል፤ ኮዱ ይህን በስሌቱ ሲያስገባ ልዩነቱ ወደ 1.4 እጥፍ ይወርዳል። ያም ቢሆን ግንባታው አዲስ አበባ ስለሆነ ብቻ ምድብ 4ን መምረጥ ከባድ ስህተት ነው። በከተማዋ ጠርዝ የሚቆም ኮንዶሚኒየም በአንድ ወገን የእርሻ ማሳ ሊገጥመው ስለሚችል፣ ምድቡ መወሰን ያለበት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን መሬት በዓይን አይቶ ነው።

የመሬት አቀማመጥ ኮፊሸንቱም፣ ማለትም ኮረብታና ገደል የነፋሱን ፍጥነት ስንት እጥፍ እንደሚያደርጉት የሚያሳየው ቁጥር፣ እንዲሁ በቸልታ መታለፍ የለበትም። የቁልቁለቱ ምጣኔ ከ0.05 ሲበልጥ መታሰብ ይጀምራል፤ እንደ ጣርማበር ባለ የገደል አፋፍ ላይ፣ መሬቱ አጠገብ፣ ወደ 1.6 ሊጠጋ ይችላል። ይህ ማለት አማካይ ግፊቱ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ለመላ አገሪቱ አንድ መነሻ ፍጥነት መያዙ በቂ ነው ወይ የሚለው ምናልባት አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ በነጎድጓድ ዝናብ ወቅት ከደመና የሚወርደው ድንገተኛ ነፋስ የሎጋሪዝም ሕጉን እንደማይከተል ግን ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ተተኪ ኮድ በዩሮኮድ፣ ማለትም በአውሮፓ የጋራ የግንባታ ደንብ፣ ላይ የተመሠረተ ነው። ዩሮኮዱ የነፋስ ደንቡን የሚፈቅደው እስከ 200 ሜትር ለሚደርሱ ሕንፃዎች ሲሆን፣ 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከዚህ ገደብ በላይ ነው።